ከመነሳታችሁ በፊት ነዳጁን አረጋግጡ፦ የትንንሽ አውሮፕላኖች የነዳጅ ፍተሻ

የተበከለ ነዳጅ ትልቁ ክፋቱ ሞተሩ እንዳይነሳ አለማድረጉ ነው። ቁልፉን ታዞራላችሁ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁም ደህና ነው። ለምን ቢባል፣ ቱቦው፣ ማጣሪያውና ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ከባለፈው በረራ የተረፈ ንጹሕ ነዳጅ ነው። ያ ነዳጅ ለማኮብኮብ ይበቃል፣ ብዙ ጊዜም ለመነሳት ይበቃል። ታንኩ ውስጥ ያለው ጉድ የሚመጣው እሱ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት መንደርደሪያው ከኋላ ቀርቷል፣ ከፍታው ደግሞ ገና ምንም አይደለም።

ስለዚህ ሞተሩ ስለሠራ ብቻ ነዳጁ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው። ብክለቱ ራሱን መሬት ላይ እንዲያሳይ ጊዜና ቦታ መስጠት አለብን፤ ካልሰጠነው ራሱን የሚያሳየው አየር ላይ ነው።

መመሪያው በፒስተን ሞተር ለሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነው። የአውሮፕላናችሁ መመሪያ መጽሐፍ የተለየ ነገር ካለ መጽሐፉን ተከተሉ።

ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

አራት ዓይነት ጠላት አለ። ውሃ፣ ቆሻሻ፣ የተሳሳተ ነዳጅ፣ እና ቤንዚን ውስጥ የተደባለቀ አልኮል።

ውሃ በብዛት የሚገኘው ነው። ከነዳጅ ይከብዳል። አንድ ሊትር አቭጋስ (የፒስተን አውሮፕላን ቤንዚን) 0.72 ኪሎ ገደማ ሲመዝን አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ስለዚህ ውሃው ታንኩ ሥር ይዘቅጣል፤ ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦም የሚጀምረው እዚያው አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ ውሃ አያቃጥልም።

ውሃው ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ጤዛን ይወቅሳል። ግማሽ ጎድሎ ያደረ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ማታ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ወደ ውሃ ጠብታ ይለወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነዳጁ ውስጥ ሟሙቶ የነበረ ውሃም ቅዝቃዜ ሲመጣ ይለያል። በእኔ እምነት ግን የበለጠ መፈራት ያለበት የነዳጅ ክዳኑ ነው። ክንፍ ላይ ተኝቶ የሚውል፣ ጎሚኒው የደረቀ ክዳን በአንድ ሌሊት ዝናብ የሚያስገባውን ውሃ ጤዛ በብዙ ሌሊት አያመጣውም።

ቆሻሻ ስንል ዝገት፣ አሸዋ፣ የላስቲክ ፍርፋሪና የመሳሰለው ነው። ማጣሪያ ይዘጋል፣ የካርቡሬተር ቀዳዳ ይደፍናል። ስለተሳሳተ ነዳጅና ስለ አልኮል ወደ ታች እመለስበታለሁ።

1. ነዳጅ ሲሞላ ከአውሮፕላኑ አትራቁ

ይህን እርምጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ቡና ለመጠጣት፣ የበረራ ዕቅድ ለማስገባት፣ ወይም ከሰው ለመጨዋወት ይኬዳል። ነዳጅ ግን ባለቤቱ ፊት ነው መሞላት ያለበት።

ቆማችሁ ሦስት ነገር እዩ። ቦቴው ወይም ፓምፑ ላይ የተጻፈውን የነዳጅ ዓይነት አንብቡ። ከታንኩ ክዳን አጠገብ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር አመሳክሩ። ሲያበቃ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የሰፈረውን ዓይነትና የሊትር መጠን እዩ። ገና ስታዝዙም «ሙላልኝ» ብቻ አትበሉ። «100ኤልኤል አቭጋስ፣ በእያንዳንዱ ክንፍ ይህን ያህል ሊትር» በሉ፤ 100ኤልኤል በብዛት የሚገኘው የአቭጋስ ዓይነት ነው።

ለምን እንዲህ አጠብቃለሁ? የጄት ነዳጅ ከላምባ ጋር አንድ ዘር ነው። በብልጭታ የሚሠራ የፒስተን ሞተር ውስጥ ሲገባ ሲሊንደሩ ውስጥ በሥርዓት መቃጠሉ ይቀርና ድብደባ ይሆናል። ሙቀቱ ይንራል፣ ፒስተኑ ይበሳል፣ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ስህተቱን የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። አውሮፕላኑ ጎን ላይ «ቱርቦ» የሚል ጽሑፍ ያየ ነዳጅ ቀጂ በጄት ነዳጅ የሚሠራ ተርባይን ይመስለዋል። ቱርቦ ቻርጀር ያለው ፒስተን ሞተር ግን የሚጠጣው አቭጋስ ነው።

ቦብ ሁቨር የተባለው አሜሪካዊ አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1978 የደረሰበት ይህ ነው። በዘመኑ ከነበሩት የትርኢት አብራሪዎች አቻ የሚገኝለት አልነበረም። ሳን ዲዬጎ አጠገብ ካለው ብራውን ፊልድ ሁለት ሰዎች አሳፍሮ በሽራይክ ኮማንደር ተነሳ። ሁለት የፒስተን ሞተር ያለው አውሮፕላን ነው። የተሞላለት ግን የጄት ነዳጅ ነበር። ከመሬት 90 ሜትር ገደማ ሲደርስ ሁለቱም ሞተሮች ከዱት። አውሮፕላኑ ቢሰባበርም ሦስቱም በሕይወት ወጡ። ሁቨር ከዚያ በኋላ ስህተቱን የሠራውን ወጣት አላባረረም፤ በማግስቱ ለሚያበረው ሌላ አውሮፕላን ነዳጅ እንዲሞላለት የጠየቀው ያንኑ ልጅ ነው።

ከዚያ አደጋ በኋላ የመጣው መፍትሔ በሁቨር ስም ይጠራል። የጄት ነዳጅ መቅጃው አፍ ሰፊና ጠፍጣፋ ተደረገ። የአቭጋስ ታንክ አፍ ላይ ደግሞ ማጥበቢያ ቀለበት ገባ፤ ስለዚህ ሰፊው መቅጃ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ አይገባም። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አትመኩበት። ቀለበት ያልተገጠመላቸው አሮጌ አውሮፕላኖች አሉ። ለሄሊኮፕተር ሲባል ክብ መቅጃ የተገጠመላቸው የጄት ነዳጅ ቦቴዎችም አሉ። ጄሪካን ደግሞ የትኛውም ቀዳዳ ውስጥ ይገባል።

በተቃራኒው በኩልም አደጋ አለ። በጄት ነዳጅ የሚሠራ የዲዝል ሞተር ያላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ ዳይመንድ ዲኤ42፣ ሲታዩ ከሌላው የፒስተን አውሮፕላን አይለዩም። የአቭጋስ መቅጃው ቀጭን ስለሆነ እነሱ ውስጥ ያለችግር ይገባል። የሚያግደው ነገር የለም፤ የሚያግደው የእናንተ ዓይን ነው።

2. ጊዜ ስጡት

ነዳጅ ሲሞላ ታንኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታመሳል። ውሃው በጥቃቅን ጠብታ ተበትኖ ይቆያል። ወዲያው ናሙና ከወሰዳችሁ ጥርት ያለ ነዳጅ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ውሃው ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

የተለመደው ልክ ለአቭጋስ በእያንዳንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 15 ደቂቃ ነው። ለጄት ነዳጅ በዚያው ጥልቀት አንድ ሰዓት ይጠበቃል፤ ወፈር ስለሚል ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። የትንሽ አውሮፕላን የክንፍ ታንክ ጥልቀቱ ያን ያህል ስላልሆነ ሩብ ሰዓት መታገስ አይከብድም። ያንን ጊዜ ለሌላው የውጭ ፍተሻ ተጠቀሙበት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት ክንፉን አትነቅንቁ፣ አውሮፕላኑንም አትግፉ። ጠዋት ላይ አውሮፕላኑ ካደረበት ሳይነቃነቅ የሚወሰድ ናሙና ከሁሉም የተሻለ እውነት ይናገራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘቅጥ አድሯልና። ከሃንጋር ጎትታችሁ ካወጣችሁት በኋላ ከሆነ ትንሽ አቆዩት።

3. ናሙና አወሳሰድ

መቼ? ከዕለቱ የመጀመሪያ በረራ በፊት፣ እና ነዳጅ በተሞላ ቁጥር። ዝናብ ከዘነበበት ወይም አውሮፕላኑ ከታጠበ ደግሞ በተጨማሪ።

ከየት? ከሁሉም ማፍሰሻ። ከአንዱ ወስዶ ሌላውን መዝለል የለም። ሴስና 172ኤስ ላይ 13 ማፍሰሻዎች አሉ፦ በእያንዳንዱ ክንፍ አምስት፣ ከሆዱ ሥር ሦስት። ብዙ ይመስላል። ግን አምራቹ እነዚያን ሁሉ ያበዛው ውሃ በየጥጉ ሊደበቅ እንደሚችል ስላወቀ ነው። የእናንተ አውሮፕላን ስንት እንዳለው መጽሐፉን አይታችሁ ቁጥሩን በቃል ያዙት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የክንፍ ታንኮቹን፣ መጨረሻ ላይ ከሁሉም ዝቅ ብላ የምትገኘውን ማጣሪያ። ይቺ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ጀርባ፣ ከእሳት መከላከያው ግድግዳ ሥር ናት፤ አብራሪዎች ጋስኮሌተር ይሏታል። ከታንክ የሾለከ ውሃ የመጨረሻ መቆያው እሷ ናት። ስታፈሱ ጥቂት ጠብታ አይበቃም፤ ናሙና መቀበያ ኩባያውን (ማንቆርቆሪያውን) ሞላ አድርጉት። የታንክ መምረጫው በግራና በቀኝ የሚቀያየር ከሆነ ጋስኮሌተሩን ሁለት ጊዜ አፍስሱ፣ አንዴ በግራው አንዴ በቀኙ። እንዲህ ካላደረጋችሁ የአንዱ ቱቦ ሳይታይ ይቀራል።

100ኤልኤል አቭጋስ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለው በእጃችሁ አትንኩት። ክንፉ ሥር ቀና ብላችሁ ስታፈሱ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ዓይናችሁንም ከማፍሰሻው ትክክል ሥር አታድርጉ። ማፍሰሻውን ከለቀቃችሁ በኋላ ቆም ብላችሁ እዩ፤ አንዳንዴ ትንሽ ጠጠር ገብታ ሳይዘጋ ይቀርና ነዳጁ ሲንጠባጠብ ይውላል።

4. ናሙናውን ማንበብ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ማንቆርቆሪያውን ወደ ሰማይ ያነሳና «ሰማያዊ ነው» ብሎ ይደፋዋል። ሰማዩም ሰማያዊ ነው! በሰማይ በኩል የታየ ንጹሕ ውሃ ሰማያዊ ነዳጅ ይመስላል። ናሙናውን ከነጭ ነገር ፊት ያዙት፤ የአውሮፕላኑ ነጭ ቀለም ወይም ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ጥቂት ውሃ ካለ ሥሩ ላይ ቀለም የሌለው ንጣፍ ታያላችሁ፤ በእሱና በነዳጁ መሀል ጥርት ያለ መስመር አለ። ማንቆርቆሪያውን ዘንበል ስታደርጉት ጠብታዎቹ እንደ ሜርኩሪ ድቡልቡል ብለው ሥሩ ላይ ይንከባለላሉ። ነዳጁ ድፍርስ ከሆነ ወይም ጭጋግ ከመሰለ ውሃው ገና አልዘቀጠም ማለት ነው። ጠብቃችሁ እንደገና ውሰዱ።

አሁን ወደ አደገኛው ስህተት እንምጣ። ያፈሰሳችሁት በሙሉ ውሃ ከሆነስ? መስመር የለም፣ ጠብታ የለም፣ ድፍርስ አይደለም። ንጹሕና ጥርት ያለ ናሙና ነው። መስመር ፍለጋ ብቻ የሚያይ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ቀለሙን እዩ፤ 100ኤልኤል ሰማያዊ ነው። አሽቱት፤ ውሃ አይሸትም። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጨምሩበት። ጠብታው ወደ ሥር ወርዶ ከተቀመጠ ናሙናው ነዳጅ ነው። ተቀላቅሎ ከጠፋ የያዛችሁት ውሃ ነው።

ቀለም ሌላም ነገር ይናገራል። 100ኤልኤል ሰማያዊ፣ አሮጌው 100/130 አረንጓዴ ነው። የጄት ነዳጅ ቀለም የለውም ወይም ገለባ መሳይ ነው። ሰማያዊው ከጄት ነዳጅ ጋር ከተቀላቀለ ፈዘዝ ይላል። ግን ትንሽ ጄት ነዳጅ ትልቅ አቭጋስ ውስጥ ቢገባ ዓይን አይለየውም። ለዚህ የወረቀት ሙከራ አለ። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና ደቂቃዎች ጠብቁ። አቭጋስ ይተናል፣ ቢበዛ የቀለም ጥላ ይቀራል። የጄት ነዳጅ ካለበት ቅባታማ ክብ ምልክት ይቀራል፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሱት ቦታው ያሳልፋል፣ ቶሎም አይደርቅም። ከሚታመን ምንጭ የመጣ አቭጋስ ጠብታ ከጎኑ ብታደርጉ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። የጄት ነዳጅ ሽታውም የላምባ ነው።

ናሙና የማያሳየው ነገርም አለ፣ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ አውስትራሊያ ውስጥ ከአንድ የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ የወጣ አቭጋስ ኢቲሊንዳያሚን በሚባል ኬሚካል ተበክሎ ነበር። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፣ በማየትም በማሽተትም አይታወቅም። ከመዳብና ከናስ ክፍሎች ጋር ሲገናኝ ግን ሙጫ መሰል ዝቃጭ ፈጠረ። በ2000 መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከመብረር ታገዱ። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ማጣሪያውን ከፍቶ የሚያይ መካኒክ ነው። ማጣሪያችሁ ላይ ያልተለመደ ነገር ከታየ «አጥበን እንመልሰው» ብላችሁ አትለፉት።

5. ውሃ ከተገኘ

አንድ ናሙና ላይ ጥቂት ጠብታ ማግኘት ዓለም አይገለብጥም። ያንኑ ማፍሰሻ ደጋግማችሁ አፍስሱ፣ ናሙናው ንጹሕ እስኪሆን። ከዚያ ክንፉን ቀስ ብላችሁ ወደላይ ወደታች ነቅንቁ፣ ጭራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ መልሱ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሁሉንም ማፍሰሻ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ይህ መነቅነቅ በተለይ የላስቲክ ታንክ ላላቸው አውሮፕላኖች ወሳኝ ነው። ከአንዳንድ አሮጌ ሴስናዎች ክንፍ ውስጥ ያለው ታንክ የላስቲክ ከረጢት ነው። ከረጢቱ በደንብ ካልተዘረጋ እጥፋት ይፈጥራል። ውሃው ከእጥፋቱ ጀርባ ተኝቶ ይቀርና ወደ ማፍሰሻው አይደርስም። አብራሪው ንጹሕ ናሙና አይቶ ይነሳል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ሲያቀና ውሃው እጥፋቱን ዘሎ ወደ ቱቦው ይሄዳል። የእናንተ አውሮፕላን እንዲህ ያለ ታንክ ካለው መካኒኩ እጥፋቱን እንዲያይላችሁ ጠይቁ።

ደጋግማችሁ አፍስሳችሁ ውሃው ካላለቀ የዕለቱ በረራ ቀርቷል። መካኒክ ጥሩ፣ ታንኩ ይፈስ፣ ምንጩ ይፈለግ። «ትንሽ ነው፣ ሞተሩ ያወጣዋል» የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

ያፈሰሳችሁትን መሬት ላይ አትድፉ። ማጠራቀሚያ ይኑራችሁ። ጥርጣሬ ያለበትን ናሙና ደግሞ ወደ ታንኩ አትመልሱ።

6. ክዳንና መተንፈሻ

ጎሚኒውን በጣት ዳስሱት። ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ይቀየር፤ ዋጋው ከሞተር ጋር የሚወዳደር አይደለም። አውሮፕላኑ ውጭ የሚያድር ከሆነ ክዳኑ ላይ ሽፋን አድርጉ።

የታንኩን መተንፈሻ ቱቦም እዩ። ነፍሳት ጭቃ ይጠቀጥቁበታል። መተንፈሻው ከተዘጋ ንጹሕ ነዳጅ እያለ ሞተሩ ሊራብ ይችላል። ማታ ስታቆሙ ታንኩን መሙላት ጤዛውን ይቀንሳል፣ ግን ጠዋት የምትጭኑትን ክብደትና ነዳጁ በሙቀት እንደሚሰፋ አስቡ።

7. ከበርሜል ወይም ከጄሪካን ስትቀዱ

200 ሊትር በርሜል ከቤት ውጭ ቆሞ ከተቀመጠ ክዳኑ ዙሪያ የዝናብ ውሃ ይጠራቀማል። ቀን ሙቀት ሲያሰፋው፣ ማታ ቅዝቃዜ ሲያኮማትረው በርሜሉ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ያንን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ አጋድማችሁ አስቀምጡ፣ ሁለቱ የበርሜሉ ክዳኖች በአግድም መስመር ላይ ይሁኑ። ከመቅዳታችሁ በፊት አቁሙትና አንዱን ጎን በእንጨት ከፍ አድርጉ፤ ውሃውና ዝገቱ ዝቅ ወዳለው ጥግ ይሄዳል። ፓምፑን ከፍ ካለው በኩል አስገቡ፣ ጫፉም ሥሩን አይንካ። የመጨረሻዎቹን ሊትሮች ለአውሮፕላን አትመኟቸው።

ውሃ የሚያግድ ማጣሪያ ያለው ፈነል ተጠቀሙ። ነዳጅ ሲፈስ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። መጀመሪያ የማገናኛ ሽቦውን ከአውሮፕላኑ ጋር አያይዙ፣ ከዚያ ነው ክዳን የሚከፈተው። የፕላስቲክ ጄሪካን በዚህ በኩል ከብረቱ ይልቅ አደገኛ ነው፤ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በሽቦ ማስወገድ አይቻልም።

8. የመኪና ቤንዚን ከሆነ

አንዳንድ አውሮፕላኖች በመኪና ቤንዚን እንዲበሩ ተፈቅዶላቸዋል። ችግሩ ብዙ የመኪና ቤንዚን ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ውሃ ይስባል። ውሃው ሲበዛ ወይም ሲቀዘቅዝ አልኮሉ ውሃውን ይዞ ከቤንዚኑ ተለይቶ ይዘቅጣል። ለአልኮል ያልተሠሩ ጎሚኒዎችንና ማሸጊያዎችንም ይበላል። እንደ ሮታክስ 912 ያሉ ሞተሮች 10 በመቶ ኢታኖል ይችላሉ። ግን ሞተሩ ቻለ ማለት የአውሮፕላኑ ታንክና ቱቦ ቻለ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ፈቃድ ይኑራቸው።

አልኮል መኖሩን ለማወቅ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ውሰዱ። ጥቂት ውሃ አድርጉና ልኩ ላይ ምልክት አድርጉ። ቤንዚኑን ጨምሩ፣ ከድናችሁ ናጡት፣ አስቀምጡት። የውሃው ልክ ከምልክቱ በላይ ከፍ ካለ አልኮል አለ፤ ወደ ውሃው ገብቶ ነው ያበዛው።

9. ሞተሩን ስትፈትሹ

ለመነሳት የምትጠቀሙበትን ታንክ ገና ከማኮብኮብ በፊት ምረጡ። የሞተር ፍተሻውንም በእሱ ጨርሱ። ከፍተሻው በኋላ፣ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ታንክ መቀየር ትልቅ ስህተት ነው፤ ያልተፈተነ ነዳጅ ይዛችሁ መነሳታችሁ ነው። ነዳጅ ካስሞላችሁ በኋላ ደግሞ ፍተሻውን አታሳጥሩት። ቱቦው ውስጥ የቀረው አሮጌ ነዳጅ እስኪያልቅ ሞተሩ መሬት ላይ ቢቆይ ምን ይጎዳል?

ትሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ሙሉ ሰጥታችሁ ስትንደረደሩ ሞተሩ የሚገባውን ዙር ካልሰጠ ወይም አንዴ እንኳ ካንገጫገጨ ትሮትሉን መልሱ። መንደርደሪያ እያለ መቆም ነውር የለውም።

10. አየር ላይ ከመጣ

ከተነሳችሁ ወዲያው ሞተሩ ከጠፋ መጀመሪያ አፍንጫውን ወደታች። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ላይ እየወጣ ያለ አውሮፕላን ጉልበቱ ሲቋረጥ ፍጥነቱ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ከፊት ለፊት ባለው፣ በግራም በቀኝም ትንሽ ብቻ ዞር ብላችሁ፣ የተሻለውን ቦታ ምረጡና እረፉ። ወደ መንደርደሪያው ልመለስ ማለት በዝቅተኛ ከፍታ ገዳይ ፈተና ነው። መዞሩ 180 ዲግሪ ብቻ አይደለም፤ መስመሩ ላይ ለመግባት ከዚያ በላይ መዞር ያስፈልጋል፣ እየዞሩ ከፍታም ፍጥነትም ይጎድላል፣ መጨረሻው ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ማቆሙ) ነው።

ከፍታ ካላችሁ ፋታ አለ። ሞተር በሌለበት ሩቅ የሚያደርሰውን ፍጥነት ያዙ። ለሴስና 172ኤስ በሙሉ ክብደት 68 ኖት ነው። የምታርፉበትን ቦታ ምረጡና ወደዚያ ዙሩ። ከዚያ ሞተሩን ለማስነሳት ሞክሩ፦

- የታንክ መምረጫውን ወደ ሌላው ታንክ። ብክለቱ በአንዱ ታንክ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ይህ ቀዳሚው ነው።
- የነዳጅ ፓምፕ ካለ ይብራ።
- ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው) ሙሉ በሙሉ ወደፊት፣ ፕራይመሩ (ለማስነሻ ነዳጅ የሚረጨው የእጅ ፓምፕ) የተቆለፈ መሆኑ ይታይ።
- የካርቡሬተር ማሞቂያው ሙሉ ይከፈት።
- ማግኔቶዎቹ (ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጡት) ሁለቱም ሥራ ላይ መሆናቸው ይረጋገጥ።

ታንክ ከቀየራችሁ በኋላ ታገሱ። አዲሱ ነዳጅ ቱቦውን ተጉዞ፣ ውሃውን ገፍቶ እስኪያልፍ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መሀል መምረጫውን ወዲያ ወዲህ ማገላበጥ ተስፋውን ይቆርጣል።

የካርቡሬተር ማሞቂያውን ያስገባሁት በምክንያት ነው። በካርቡሬተር ውስጥ የሚፈጠር በረዶ ምልክቱ ከተበከለ ነዳጅ ጋር ይመሳሰላል፣ የውጭው ሙቀት 20 ዲግሪ ሆኖም እርጥበት ካለ ሊፈጠር ይችላል። ማሞቂያውን ስትከፍቱ ሞተሩ ለጊዜው ሊብስበት ይችላል፤ የቀለጠው በረዶ እየገባ ነው። አትዝጉት።

ሞተሩ ካልተነሳ «ሜይዴይ» የሚለውን የአደጋ ጥሪ ሦስት ጊዜ በያዛችሁት የሬዲዮ ሞገድ፣ ማንም ከሌለ በአደጋ ጊዜው ሞገድ በ121.5። ትራንስፖንደሩ (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) 7700፣ የአደጋ ኮድ። ከማረፋችሁ በፊት የነዳጅ መምረጫው ይዘጋ፣ ሚክስቸሩ ይጎተት፣ ማግኔቶው ይጥፋ። ፍላፕ (የክንፉን ተንቀሳቃሽ የኋላ ክፍል) ካወረዳችሁ በኋላ ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ይጥፋ። በሩን ከፈት አድርጉት፣ ግጭት ቢያጣምመው እንዳይቆለፍባችሁ። ቀበቶ ይጥበቅ።

ሞተሩ ቢነሳላችሁም ጉዞው አልቋል። የሠራላችሁን ታንክ አትንኩ፣ ወደ ቅርቡ ማረፊያ ሂዱ፣ ከፍታችሁንም እስከመጨረሻው ጠብቁ።

11. ካረፋችሁ በኋላ

ታንኩን ወዲያው አታፍስሱ። የቀረው ነዳጅ ማስረጃ ነው። ከእያንዳንዱ ታንክና ከጋስኮሌተሩ በንጹሕ ጠርሙስ ናሙና ውሰዱ። ከየት፣ መቼ እንደተወሰደ ጻፉበት። ደረሰኙን አብራችሁ አስቀምጡ። አደጋ ከደረሰ ግን ምንም ሳትነኩ መርማሪዎቹን ጠብቁ።

ከዚያ ነዳጁን ወደሸጠላችሁ ስልክ ደውሉ፣ ሳይውል ሳያድር። ከዚያው ቦቴ የቀዳ ሌላ አውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሜዳ ላሉት አብራሪዎችም ንገሩ።

ችግሩ ውሃ ከነበረ መካኒኩ ታንኩን፣ ቱቦውን፣ ማጣሪያውንና የካርቡሬተሩን ሳህን ያጸዳል፣ ምንጩንም ያገኛል። የጄት ነዳጅ ገብቶ ሞተሩ ከሠራ ግን ማፍሰስና ማጠብ አይበቃም። ድብደባው ፒስተኑንና ቀለበቶቹን ጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ደህና መስሎ ሊሠራም ይችላል። ሲሊንደሮቹ በቦርስኮፕ (ውስጥ በሚያሳይ ቀጭን መመልከቻ) ይታዩ፣ የጭመቃቸው መጠን ይለካ፣ የሞተሩ አምራች በዚህ ጉዳይ ያወጣው መመሪያ ይፈጸም። ለምን ያህል ደቂቃ፣ በምን ያህል ጉልበት በዚያ ነዳጅ እንደሠራ መካኒኩ ይጠይቃችኋል። የምታስታውሱትን ሁሉ ገና ትኩስ እያለ ጻፉና ስጡት፤ ሞተሩ ይፈታ ወይስ አይፈታ የሚለው በዚያ ላይ ነው የሚወሰነው።